የተቆራረጠ መስመር

ሰኞ ጠዋት ሰጡኝ፣ ካርታውን ጠቅልለው፣
«ከወንዝ ወዲህ ያለውን፣ ባዶ መሬት በለው።»

ከበሬሳ ወዲህ፣ ከወፍጮ ቤት በላይ፣
አርባ ሦስት ቤት አለ፣ ከመንገድ የሚታይ፤
ቀይ ቁጥር በግንቡ የተጻፈበት፣
ሲመሽ ግን አሁንም ሻይ የሚፈላበት።

ሜትሬን ይዤ ወረድኩ።
እትዬ ይመናሹ በራቸው ላይ ቆመው
«ለመለካት ነው ወይስ ለማፍረስ?» አሉኝ።
«ለመለካት።»
«እንግዲያው ቀስ ብለህ ለካ» ብለው
የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ፣ እንደ ልጅ እጅ አጥብቀው።

ግድግዳው ስልሳ ሳንቲ፤ የጠባሴ ነፋስ
ሌሊቱን ሙሉ ለሚጠይቀው፣ ከድንጋይ የተሰጠ መልስ።
ከጉበኑ እስከ ምሰሶው ስምንት ክንድ ነው፣
ያውም የሟች ባላቸው ክንድ፤
መቶ ጊዜ አሳንሼ ወረቀት ላይ ሳወርደው
አጥንቱ እንዳይሰበር ፈራሁ።

በሩ ሳንቃ የለውም፤ የመንዝ ባና ነው።
በፕላን ላይ በር ሲከፈት ሩብ ክብ ይሠራል፣
ባና ግን ዝም ብሎ ይገለጣል፤
ምልክት አጣሁለት።
ደረጃውም መሃል ለመሃል ጎድጉዷል፣
የአርባ ዓመት እግር የላሰው፤
ለእሱም ምልክት የለም።

ሌሊት፣ መብራት ሄዶ፣ በስልኬ ብርሃን፣
በምላጭ በቀረጽኩት እርሳስ
አርባ ሦስቱንም ሳልኩ፣
ባዶ በተባለው ላይ፣ በተቆራረጠ መስመር።
የባሻ ድልነሳውን ጽድ እንኳ አልተውኩም፣
ከነጥላው።

አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ።
«ይሄ ቁርጥርጡ ምንድን ነው?»
«የሚፈርሰው ነው።»
«ጥሩ» ብሎ ፈረመ።
አልዋሸሁም፤ ሰሙ እንደዚያ ነው።
ወርቁን የመጀመሪያ ዓመት የንድፍ ተማሪ ያውቀዋል፦
የተቆራረጠ መስመር ማለት
አለ፣
ግን ከቆምክበት አይታይም ማለት ነው።

ማህተሙም ሲመታ፣ ክብ ሰማያዊው፣
ያረፈው ይመናሹ ምድጃ ላይ ነው፤
ማዘጋጃ ቤቱ ሳያውቅ መሰከረ።

ዶዘሩ ሐሙስ መጣ። እርሳስ ዶዘር አያቆምም።

በወሩ ቅጂውን ይዤ ሄድኩ፣
በጠባብ ኪራይ ቤት፣ ከሰው ዕቃ መሃል ወደተቀመጡበት።
ገልብጠው ያዙት። አዞሩት።
መንገዱን በጣታቸው ይዘው፣ ወንዙን ተሻግረው፣
ደጃፋቸው ደረሱ።
«ደረጃዬን ረሳኸው፤ እዚህ ጋ ጎድጎድ ይላል።»
እርሳስ ላቀብላቸው ስል
በአውራ ጣታቸው ጥፍር ወረቀቱን ተጫኑት፣
እስኪሰረጉድ።
«በል፣ አሁን ቤቴ ነው።»