ሰፋ ተደርጎ አይገዛም

ልብስ ቢሆን ኖሮ፣
ሰፋ አድርጌ እገዛ ነበር፣ «ታድግበታለች» ብዬ፣
እጅጌውን ሁለቴ አጥፌ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ ጥዬ።
የበረዶ ጫማዋን እንኳ ሁለት ቁጥር አሳልፌ
ነው የምገዛው፤ ጣቶቿ ጋ ጥጥ ወትፌ።

የልብ በር ግን አይሰፋም።
ዶክተር ኡልሪካ አስረዳችኝ፣ በቀጠሮው ካርድ ጀርባ ስላ፤
«ልጅቷ ወደ ፊት ስትሄድ በሩ ይቀራል ወደ ኋላ።»

የመጀመሪያው የበሬ ነው፣ ከአንገቱ ሥር የተቀዳ፤
በሦስት ዓመቷ የገባ፣ ስምንት ዓመት የከረመ እንግዳ።
ነፍስ ስታውቅ ስነግራት፣ ደረቷን ዳሰሰች አንዴ፤
«አባባ፣ ታዲያ ሳድግ፣ እምቧ እላለሁ እንዴ?»

አሁን አሥራ አንድ ሞላት። ደረጃው መሐል ላይ ስትደርስ
የጫማዋን ክር ትፈታለች፤
ደግሞ ቀስ ብላ ታስራለች፤
ትንፋሿ እስኪመለስ።

እኔ የትራም ሾፌር ነኝ፣ በጎተንበርግ፣ ከወደቡ እስከ ኮረብታው፤
በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ነው በር ከፍቼ የምዘጋው።
አጥብቆ ካልገጠመ ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል፤
አንድ ሰው እግሩን ካኖረበት መስመሩ ሁሉ ይቆማል።
የበርን ነገር ለእኔ ማን ሊነግረኝ ይችላል?
ብዬ ነበር።

ዛሬ ፈረቃዬን ኤሚር ያዘልኝ። ከአራተኛው ፎቅ መስኮት ሆኜ ሳይ
የራሴው ትራም አለፈች፣ ታች፣ እርጥቡ ሐዲድ ላይ።
ደወሏን ሁለቴ ነካ፤ ቀና ግን አላለም ወደ ላይ።

ልቧ ፌርማታ ላይ ቆሟል፤
ደሟ በሌላ መንገድ፣ በማሽን ዞሮ ይሄዳል።
«ልብ ገዛ» ይባላል በእኛ፣ ልጅ አስተዋይ ሲሆን፤
ትርሲት በአሥራ አንድ ዓመቷ ሁለቴ ልትገዛ ነው አሁን።

የዛሬው የሰው ነው። የማን? ስሙ አይነገር።
«እሺ» ብሎ የፈረመ አባት ግን አለ፣ የሆነ አገር፣
ሁለት ቁጥር የሰፋ ጫማ፣ ማንም ያልደረሰበት፣
አስቀምጦ የሚኖር።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ኡልሪካ ወጣች፣ ኮፍያዋን በእጇ ጨምቃ፤
«ገጥሟል» አለች።
«ስንት ዓመት?» አልኳት።
«አሥር፣ ምናልባት። ከዚያ ደግሞ እናያለን»፣ በድካም ስቃ።

በማግስቱ ቱቦው ወጣ። በሰለለ ድምፅ፣ እጄን ይዛ፦
«አባባ፣ ይሄኛውስ ምን ይላል?»

መልስ አልነበረኝም።
የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው
ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።