የሐረጎ ውሃ

መኪናችን ትንሽ ናት፤ ሴይቼንቶ ይሏታል፣
የሙጋድ ሕፃን ሁሉ በሳሏ ያውቃታል።
ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት፣
"ዞራ የተፈጠረች" ብለው ሲቀልዱባት፣
አባቴ ሙህዬ ጨርቁን ትከሻው ላይ ይጥላል፤
"በሬ ሲያርስ የሚነዳው በየት በኩል ነው?" ይላል፤
"ከኋላው አይደል ወይ?"

ሁለት በሮች አሏት፣ ወደ ነፋስ የሚከፈቱ፣
በሩጫ ካመለጡ አጥር የሚመቱ።
አራት ሰው ትጫን ይላል ሊብሬ፤
ሰኞ ገበያ ሲውል ግን
ስምንት ሰው፣ ሁለት ዶሮ፣ ግማሽ ጆንያ በርበሬ።
ሲኖትራክ መንገድ ዘግቶ ሰው ሁሉ ሲራገም፣
እሷ በአራዳ ቅያስ ሆዷን ስባ ትሾልካለች፣
ጢሟን እንደለካች ድመት
ግድግዳ ሳትነካ ትወጣለች።

ቀለሟ ክሬም ነበር፤ ለታክሲ ሰማያዊ ሆነ፣
ጡረታ ስትወጣ ክሬም ተመልሶ ተለሰነ።
በሯ ሥር በተላጠው ሦስቱም ይታያሉ፣
እንደ ግንድ ቀለበት ዕድሜ ይናገራሉ።

አንድ ነውር ነበራት።
ሐረጎን ስትወጣ፣ ሰባተኛው ጥምዝ ላይ፣
እንደ ሽሮ ድስት ገንፍላ እንፋሎቷ ሰማይ።
አባቴ ክዳኗን በዱላ ደግፎ ሲጠብቅ፣
የእሷ ትንፋሽና የጋራው ጉም ተደባልቆ
የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅ።

እዚያ ጥምዝ ላይ ምንጭ አለች፤
ከምንጯ አጠገብ አንዲት ልጅ ጀሪካን ትሞላለች።
"ውሃ አለሽ ወይ?" አላት።
"ለአንተ ነው ወይስ ለእሷ?" አለችው ዘሃራ።
በሳምንቱ ፈላች። በማግስቱም ፈላች።
"ራዲያተሩን ጠግነው እንጂ!" ያላለው ሰው የለም፤
የሙጋዱ መካኒክ፣ የሰው መኪና ሲያድን የሚያመሽ፣
የራሱን ራዲያተር ግን ሦስት ዓመት አልጠገነም።
እኔ የዚያ ራዲያተር ልጅ ነኝ።

ከሠርጉ በኋላ በየደው።
እናቴ ካረፈች ወዲህ ብየዳው መልሶ ለቀቀ፤
እንዴት እንደለቀቀ አልጠየቅሁትም።

ኮምቦልቻ ተምሬ መጣሁ፤ ሞተሯን ነቅዬ አወጣሁ፣
ፋብሪካ የጣለውን የፎርክሊፍት ሞተር በቦታው አስገባሁ።
ሻንጣዋ ውስጥ አሥር ባትሪ፣ ከመቀመጫው ሥር ስድስት፤
ቤንዚን የለ፣ ሳል የለ፣ የለ የሚንጠባጠብ ዘይት።
አባቴ አሮጌውን ሞተር በጆንያ ጠቅልሎ
ጓዳ አስገባው፤ "ይረፍ" ብሎ።

ከኮምቦልቻ ልንሞክራት ወጣን። ቦርከናን ስንሻገር
ፀጥታዋ ጉድ ነው፤ ፍየል እንኳ ዘወር አይልም ነበር።
ስንት ዓመት አብሬው ተጉዤ
የአባቴን ትንፋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው።
ጉልበቱ መሐል ባዶ ጀሪካን ይዟል።
"ለምኑ ነው?" አልኩት።
"እንጃ" አለ።

አምስተኛው ጥምዝ። ስድስተኛው።
የሙቀት መርፌዋ በነበረበት ክብ ቀዳዳ ብቻ አለ፣
አባቴ ዓይኑን ከዚያ ቀዳዳ አልነቀለ።
"አቁሚያት።"
"አልፈላችም እኮ!"
"አውቃለሁ።"

ወረደ። ክዳኗን ከፈተ፣ በዱላው ደገፈው።
የሚተን ነገር የለም፤ ቢሆንም እንደ ድሮው
እስክትበርድ ቆመላት።
ከዚያ ወደ ምንጯ ወርዶ ጀሪካኑን ሞልቶ መጣ፣
እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ።

"ለአንተ ነው ወይስ ለእሷ?" አልኩት።

በሩን ወደ ነፋሱ ከፍቶ ገባ፣
ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።
"ንጂ" አለኝ።

ደሴ መግቢያ ላይ ዝናብ ተቀበለን።
ከሁለቱ መጥረጊያዎች የሚሠራው አንዱ ነው፣ በእኔ በኩል ያለው፤
በእሱ በኩል መስታወቱ ዝም ብሎ ይፈሳል።
ያንን ገና አልጠገንኩትም።