ድር የሌለው ጨርቅ

ድራሆሚራ እግሯን ዘርግታ ወንበር ላይ፥
ዝም ብላ ታያለች ስፈታ ፋሻዋን፤
አርባ ዓመት ሸመነች፥ ጡረታ ስትወጣ
ስኳር ነው የከፈላት ቀሪ ድርሻዋን።

ከመከር ወዲህ ተረከዟ ላይ ያለው ጉድጓድ
ማርም ቅባትም አይቶ ክዳን አላገኘም፤
እሷ ብትተኛ እንኳ
ቁስሉ አልተኛም።

በመቆንጠጫ አነሣሁ አዲሱን ጨርቅ፥
ከሽንኩርት ልባስ የሳሳ፤ በልኩ ቆረጥሁት።
ትራፊውን ለመነችኝ፤ ሰጠኋት።
በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ አሸች፥
ድር ፈለገች፥ ማግ ፈለገች፥ አጣች።
«ማነው የሸመነው?» አለች።

«ማንም አልሸመነው፤ ኤሌክትሪክ ፈተለው፥
ከመርፌ ጫፍ ስቦ ክሩን አቀጠነው፤
መድኃኒቱም ያለው እዚያው ክሩ ውስጥ ነው፥
እንደ ጨዋ ባለዕዳ
ጥቂት በጥቂት ነው የሚከፍለው።»

መስኮቱን አየች። ከኒሳ ወንዝ ማዶ
ፋብሪካዋ ቆሟል ጣሪያው የተነሣ፤
መሸመኛዋን በኪሎ ሲሸጡት
ቆማ አየች አሉ፥ አንድ ቃል ሳታወሳ።

በአሥረኛው ቀን ፋሻውን ስፈታ
ጨርቁ የለም። በቁስሉ ዳር ዳር
ሮዝ ቆዳ፥ ቀጭን፥ እንደ እርጥብ ወረቀት ጠርዝ።
«የት ገባ?»
«ቀለጠ። እርስዎ ውስጥ ገባ።»
ሳቀች፤ «በእኛ ጊዜ ጨርቅ የጠፋ እንደሆን
ከሸማኔዋ ደመወዝ ነበር የሚቆረጠው።»

ገና አልዳነችም። የጉድጓዱ ግማሽ አለ።
ጫማዋን ስታጠልቅ ግን ቀና ብላ ጠየቀችኝ፤
«በሰዓት ስንት ሜትር ይሠራል?»
አላወቅሁም።
ታዘበችኝ።