በቀኝ ጆሮው በኩል

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣ፣
የሌሊት ፈረቃ ከፋብሪካው ሲወጣ፣
ጸጉራችን ላይ ብናኝ፣ ቅንድባችን ነጭ፣
ሳላችን ሱፍ የቋጠረ፣ ትንፋሻችን ጉም የሚረጭ፤
እኔ ከማበጠሪያው፣ አበጋዝ ከሽመናው።
ዘጠኝ ዓመት የጮኸበት መኪና ግራ ጆሮውን ቀማው።
ለዚህ ነው ሰው ሲያወራው፣ አንገቱን ሰበር አርጎ፣
በቀኝ የሚጠጋህ፣ ድምፅህን ፈልጎ።
ሊቀ መንበር ይሁን ብለን እጅ ያወጣነው
ለንግግሩ አይደለም፣ ይንተባተባል፤
ለዚያች ጎንበስ ማለት ነው።

ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ።
ደብተሩን ሳጥኔ ውስጥ ስጠብቀው ኖርኩ፣ ከነአቧራው፤
«ለሳንባ፣ ግማሽ ሊትር ወተት በየፈረቃው።
ለማታ ገቢ ሴቶች፣ እስከ ጠባሴ መኪና።»
ከሥሩ የሱ ፊርማ፤ ጅራቷ ማጭድ፣ ጎብጣ የምትቀና።

ሥራ አስኪያጁ ሲስቅ፣ አበጋዝ መፍቻ አንሥቶ፣
የእንፋሎቱን ቧንቧ ሦስት ጊዜ መትቶ…
ፋብሪካው ዝም አለ። ያኔ ነው ሲፈስ ያወቅሁት፣
ከአጥሩ ጀርባ በረሳን፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማሁት።
በስድስተኛው ቀን ወተቱ መጣ፣ በጀሪካን፤
ቀጭን ነበር፣ ውሃ የነካው። የኛ ነበርና ጠጣን።

ከዚያማ ፌዴሬሽን፣ ከዚያ ምክር ቤት፣ ከዚያ ዞን፣
ከዚያ ባሕር ዳር ሄደ፣ የክልል ቢሮ ኃላፊ ሊሆን።
ሸኘነው፤ ቀይ ብርድ ልብስ፣ የገዛ እጃችን ሥራ፤
«ባሕር ዳር እኮ ይሞቃል» አለና ሳቀ፣ ከኛ ጋራ።

ስሙን በሬዲዮ ሰማን፤ ‹ክቡር› ተቀጠለበት።
ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ። ደብዳቤ መጣ አንድ ዕለት፤
«ልማዳዊ ጥቅማ ጥቅም ይቁም» ይላል፣ ወተት የሚል የለበት፤
ከሥሩ ያቺ ማጭድ፤
መነጽሬን ሳላደርግ ነው የለየኋት።

ባለፈው ኅዳር መጣ፣ የአዲስ ሼድ ሪባን ሊቆርጥ፤
ጡረተኞቹን ጠሩን፣ በግራው በኩል እንድንቀመጥ።
ተክለየስ ተነሣ፣ ሳሉን እየዋጠ፣ የሞቱትን ቆጠረ፤
እሱ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣
ምስጋና የሰማ መስሎት ነበረ።

ማን መረጠልን ግራውን? ፕሮቶኮል? ወይስ እሱ ራሱ?
አላውቅም። ጸሐፊ ያላየውን አይጽፍም፣ ቢነድም ነፍሱ።

ተነሣሁ። ወንበሬን ጎተትኩ፣ በጠባቂው ፊት አዞርኩና
በቀኙ ተቀመጥኩ። እንደ ድሮው አንገቱን ሰበር አረገና፣
«አስካለ!» አለኝ፤ «ያ ወተት… ዛሬም ይመጣል አይደል?»

ከነጠላዬ ሥር ደብተሩን አውጥቼ
ጭኑ ላይ አኖርኩለት።
ገጹን ራሱ ይፈልግ።