ከዳር በኩል

ግቢ እንጂ፣ አንቺ ልጅ፣ በር ላይ አትገተሪ፤
ቁጥርሽን ቅጠፊ፣ ኋላ ነው የምታወሪ።
ዘጠና ሰባት ደረሰሽ? አይዞሽ።
ሰሌዳው ሃምሳ አንድ ይላል፤ እሱን ግን አትመኚ፣
ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ሃምሳ አንድ ነው፤ ሰውን እመኚ።

መጀመሪያ ጠይቂ፦ «የመጨረሻው ማነው?»
ረሆቮት ውስጥ ሰው ሁሉ ፊተኛ ነኝ ባይ ነው፤
ከፌንስተር ሱቅ ብቻ፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣
«እኔ ነኝ መጨረሻው» ይሉሻል በኩራት።
ያን ሰውዬ በዓይንሽ ያዢው፣ ባለቡኒ ባርኔጣውን፣
እሱ ከጠፋ ጠፋሽ፤ ጠብቂለት ጀርባውን።

ደግሞ ይመጣል አንዱ፣ ቁልፉን እያንጠለጠለ፣
«ጥያቄ ብቻ! ጥያቄ ብቻ!» እያለ።
ጥያቄው ግማሽ ኪሎ ፓስትራሚ ነው፣ ሳስቶ የተቆረጠ፤
መልሱን በላስቲክ ይዞ ይወጣል፣ ወረፋው እንዳፈጠጠ።

አትናደጂ።
ጋሪ ተረከዝሽን ቢገጭሽ፣ ዝም።
«እዚህ ነው የምትሠሪው? ኪያሩ የት ነው?» ቢሉሽም
ዝም፤
ወይ ጠቁሚያቸው፣ በርሜሉ ከጥግ ነው።
እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠቁሜያለሁ፣
ጣቴ ሳላዘው ይሄዳል።

ፍሩማ፣ ባለሱቋ፣ ዓይኗ ከሚዛኗ ይፈጥናል፤
በወረቀት ቁራጭ ታቀምስሻለች፣ ምላስሽ ግራ ይጋባል።
ዓሣ በስኳር!
የመጀመሪያ ቀን ደጅ ወጥቼ ተፋሁት።
በዓመቱ፣ እጄን ዘርግቼ ለመንኩት።

አቶ ዜሊግ ነበር የሚልከኝ፤ ዘጠና ሁለት ዓመቱ፣
ሁለት መቶ ግራም ጉበት፣ በሽንኩርት የተፈጨ፤ ይህ ነው ምኞቱ።
«ከመሃል እንዳታመጪ» ይለኛል፣ ኮቴን እየቆለፈልኝ በገዛ እጁ፣
እኔ ነኝ እሱን የማለብሰው፣ ግን ዓርብ ዓርብ እኔ ነኝ ልጁ።
«ከዳር በኩል፤ መሃሉ ለእንግዳ፣ ዳሩ ለባለቤቱ።»
«እኔስ የዳር ነኝ ወይ የመሃል?» አልኩት አንዴ በሳቅ።
አልሰማኝም።
ወይ ሰምቶኝ፣ መስኮቱን ማየት መረጠ፤
ዝናብ ነበር።

ምን ልበልሽ፣ ተራ ሰው ነኝ፤ ተራ ስጠብቅ የኖርኩ፣
ጎንደር፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ስሜ እስኪጠራ ስምንት ዓመት የቆምኩ።
ከዚያ ወዲህ የሠላሳ ሰው ወረፋ ምን አላት?
እንደውም፣ አትሳቂብኝ፣ ቶሎ ስታልቅ ይከፋኛል ባያት።
እዚህ መሃል ስቆም ሰው ይጠብቀኛል፤
ከፊቴ አንድ፣ ከኋላዬ አንድ፣ ቦታዬን ያውቃል።

ሰዓቱን ግን እያየሽ። ሰባት ሲል መዝጊያው ይወርዳል፣
ሰንበት ወረፋ አትጠብቅም፤ ያልደረሰው ባዶ እጁን ይሄዳል።

«ሰማንያ አራት!»

የኔ ነው። እንቺ፣ ያንቺን ስጪኝ፤ ሂጂበት።
አሮጊቷ መስኮት ላይ ናት አላልሽም? ፍጠኚላት።
አይ፣ እኔን የሚቸኩልብኝ የለም።

ፍሩማ ለልጅቷ እየመዘነች፣ በሰው ራስ ላይ አየችኝ፤
ቢላዋዋን ከፍ አድርጋ፣ በቅንድቧ ጠየቀችኝ፦
ከዳሩ?
አዎ አልኳት፣ በራሴ ንቅናቄ።

ዜሊግ ከተቀበረ አምስተኛ ዓርብ ነው።
ዛሬም አልነገርኳትም።
ጉበት ደግሞ አልወድም እኔ።

የግቢያችን ድመቶች ግን፣ ብታያቸው፣ ወፍረዋል።