ጨውስ ምን አመመው?

ከጨው ባሕር ዳር ያነሣሁት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ስባሪ፣
ቤርሼባ፣ ምድር ቤት፣ ከራጁ ፊት ቆሟል እንደ ተመርማሪ።
ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ ከንጋት ጀምሮ።
አባቴ አስረስ መጣ፣ ጠዋት የረሳሁትን ምሳ ዕቃ ይዞ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሐኪም ቤት ጠያቂ ተክዞ።
«ማንን ነው የምታነሺው?»
«ጨው ነው፣ አባ።»
ተጠጋ። በመስተዋቱ አሻግሮ አየው።
«ጨውስ» አለ፣ «ጨውስ ምን አመመው?»

ሣቄን ውጬ ምስሉን ገለጥኩለት፦
በጥቁር ላይ ነጭ ነጥብ፣ ከነጥብ ነጥብ እኩል ርቀት፣
ሩብ ዙር ቢያዞሩት ያው የሚሆን፣ እንዳልነኩት።
«ነጥቡ አተሙ አይደለም፤ የአሰላለፉ ጥላ ነው።
ውስጡን ብታይ ሶዲየም፣ ጎኑ ክሎሪን፣ ከዚያ ደግሞ ሶዲየም፤
ሽቅብ ብትወጣ፣ ቁልቁል ብትወርድ፣ ተራው አይሳሳትም።
ለእያንዳንዱ ስድስት ጎረቤት፦ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣
ከራስጌ አንድ፣ ከግርጌ አንድ፤ አይጨምር ሌላ።»

አባቴ ወገራ ሳለ ሸማኔ ነበር፤
ዛሬም ፌርማታ ላይ ጣቱ ድር ይቆጥራል፣ አውቶቡሱ ቢዘገይ፣ ቢቀር።
ነጥቦቹን በጥፍሩ ተከተላቸው፣ ከንፈሩ እየተላወሰ፤
«ጥለት ነው። ብቻ ጠርዝ የለው፤ ማን ጀመረው? የትስ ጨረሰ?
ሸማኔው ማነው?»
«ውኃው ሲተን ራሱ ነው የሚሸመን።»
አልወደደልኝም። «ራሱ ብሎ ነገር!»
እኔም ተውኩት፤ ስንቱን ተከራክረን።

ስባሪውን በወረንጦ አወጣሁት። ጠዋት ውኃ የመሰለው
ወይቦ፣ የማር ጠብታ መስሎ ጠበቀኝ።
«አሳረርሽው!»
«አላረረም። ጨረሩ አንዱን ክሎሪን ከቦታው ገፋው፤
ክፍቱ ቀረ። በክፍቱ አንዲት ኤሌክትሮን ገብታ ተቀመጠች፤
ቀለሙን ያመጣች እሷ ነች።
ምንም ያልጎደለበት ጨው ቀለም የለውም፤
ብርሃን ሳያየው ያልፋል።»

አባቴ ዝም አለ።
ቤታችን ዓርብ ማታ ስድስት ወንበር ይሰደራል፤ አምስት ነን።
ስድስተኛው ላይ ቦርሳ አይቀመጥም፣ ኮት አይሰቀልም፤
ማንም አላዘዘን።

«ልውሰዳት?» አለ በመጨረሻ።
«ብርሃን ካገኛት ትነጣለች፣ አባ፤ ቀለሟ ይለቃል።»
የሸሚዙን ኪስ ከፈተ፣ በሶፍት ጠቅልሎ ከተታት፣ ቁልፉን ቆለፈ፤
«እዚህ ውስጥ» አለ፣ «ይጨልማል።
ምሳሽን ብዪ፣ ይበርዳል።»