ሰማንያ ቶን እንቁላል

ሃይፋ ላይ፣ ቂሶን ወንዝ ባሕር ሊገባ ዝግ ብሎ፣
ሐሙስ ሌሊት፣ አውራ ጎዳናው በቢጫ መብራት ተከልሎ፣
ሁለት ክሬን ቆመዋል፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ማዶ፣
ጭቃው እግራቸውን እንዳይውጥ፣ ግንድ ተረብርቦ ጠጠር ወርዶ።

ሎቤዱ እያቃሰተ መጣ፣ ጎማው መቶ የሚሆን፣
ጀርባው ላይ ግርደሩን አዝሎ፣ አርባ ሜትር አርማታ፣ ሰማንያ ቶን።
ልጅ እንዳዘለ ሳይሆን፣ ሬሳ እንደተሸከመ፣
በየመታጠፊያው እየተነፈሰ፣ እየቆመ።

ዙሄር የኡም አልፋሕም ሰው ነው፣ በመስታወት ጎጆው ተቀምጦ፣
ሃያ ዓመት ማንሻ ሲጎትት ቀኝ ትከሻው ደልቦ፣ ከግራው በልጦ።
አያይም። ምሰሶው ይጋርደዋል የሚያወርድበትን ቦታ፤
ከዚያ ወዲያ የኔ ተራ ነው፣ የኔ ፋንታ።
ምሰሶው ራስ ላይ ቆሜአለሁ፣ ቀበቶዬ ከፌሮው ታስሮ፣
ዓይኑ ነኝ። ሬዲዮ በእጄ፣ ፊሽካ በአንገቴ ዞሮ።

ድሮ «ለአት፣ ለአት» ነበር ቃላችን፣ ዕብራይስጥ፣ የሥራው ቋንቋ፣
ሬዲዮው ግማሹን ውጦ ግማሹን ሲያንቋቋ።
ካቻምና ግን አንድ ቀን፣ ሰንሰለት ሲንሸራተት አይቼ፣
«ቀስ!» አልኩ በአፍ መፍቻዬ፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶኝ፣ ፈርቼ።
ክሬኑ ቀጥ አለ።
ማን አስተማረው? አልጠየቅሁም። እሱም ምንም አላለ።
ከዚያ ወዲህ ቃላችን ይኸው ነው፤ ሁለት ፊደል፣ አንድ ትንፋሽ፣
ነፋሱም ሬዲዮውም የማያገኙባት የሚነክሱት ቁራሽ።

ሊዩድሚላ መሐንዲሷ የነፋስ መለኪያዋን እያየች፣
«ዘጠኝ» ስትል አሰርን፤ «አሥር» ስትል ሲጋራዋን ለኮሰች፤
«ስምንት»።

ሰማንያ ቶን ከመሬት ሲለቅ ድምፅ ያለው ይመስላችኋል፤
የለውም። ሽቦው ብቻ ይወጠራል፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።
ሁለቱ ክሬኖች እኩል ማንሣት አለባቸው፣ እኩል መዞር፣
አንዱ ከቸኮለ ሌላው ነው ከነሸክሙ የሚሰበር።
ጥማድ በሬ በሉት፣ ቀንበሩ ግን ሰማይ ላይ፤
ጅራፍ የለኝም። ያለኝ ያቺው ቃል ናት፣ እሷም አትታይ።

አባቴ እንየው ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ በወለቃ፤
ማረሻውን የሚወስድ ሁሉ ልጁን ሸፍኖት ይሄዳል፣ በቃ።
«ዓይኑ ይበላል» ይሉ ነበር፤ «ማታ ማታ ጅብ ይሆናል»፣
በዚያው ማረሻ ግን በነጋታው ይታረሳል፣ ጤፍ ይዘራል።
አባቴ መልስ አልነበረውም፤ ወናፉን ይነፋ ነበር አቀርቅሮ፣
«የጋለ ብረት ይቀጠቀጣል፣ የጋለ ሰው ይተዋል» ይለኝ ነበር አንዳንዴ ዞሮ።
ይኸው እኔ ልጁ ነኝ፤ ያው የሚፈሩት ዓይን፣
ሰማንያ ቶን ተሰቅሎ ሳለ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከወደቡ አንድ ነፋስ መጣ፣
ያልተነገረ፣ ያልተለካ። የግርደሩ ጫፍ ከመስመር ወጣ።
እንደሚያንቀላፋ ሰው ራስ ዘንበል አለ፣ ወደ እኔ፤
ቫሲሌ ገመዱን ይዞ፣ ተረከዙ ጠጠር ሲያርስ አየሁት፣ ከሥር፣ ከጎኔ።

«ቀስ» አልኩ።
ጮክ አላልኩም። ጩኸት ሲያስቸኩል አይቻለሁ፤
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ።
እንቁላሏ ይህቺ ናት፤ ሰማንያ ቶን እንቁላል፣
በሰማይ በእግሯ ስትሄድ፣ ጣት በጣት ዙሄር ያወርዳል።
ጥቁሩ የጎማ ትራስ ላይ፣ የመጽሐፍ ያህል ስፋቱ፣
ተቀመጠች። እግሬ ሥር ምሰሶው ተነፈሰ፣ እንደ ሰው፣ ከአንጀቱ።

ማንም አላጨበጨበ። ሰባት ግርደር ይቀራል ገና፣
ዓርብ ፀሐይ ሳይጠልቅ መንገዱ መከፈት አለበትና።
«ቀስ?» አለኝ ዙሄር በሬዲዮ፣ እየሳቀ።
«ቀስ» አልኩት። ባዶው መንጠቆ ወደሚቀጥለው ራቀ።

አሁን በዚያ ድልድይ ላይ በአውቶቡስ ሳልፍ ማለዳ፣
ከጎኔ ያለችው ልጅ ተኝታለች፤ ሾፌሩ ይበራል፣ ምኑን አውቆ፣ እንግዳ።
«ጓ» ይላል መጋጠሚያው ከጎማው ሥር። ከንፈሬ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣
ለማንም ሳልል እላለሁ፣
ቀስ።